አልመለስም ያለው ፊልም

የካጋያ ካሜራ ቁርስ ላይ ሠላሳ ስድስተኛዋን ፎቶ አነሳና ፊልሙን ወደ መጣበት ትንሽ ቀፎ መልሶ መጠቅለል ጀመረ። ያንን ድምፅ የማያውቅ የለም፤ ዝዝዝ እያለ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሄድና ቀጭ ብሎ ያበቃል። ያን ዕለት ጠዋት ግን መሃል ላይ ሲደርስ አቃሰተ፤ ደግሞ አቃሰተ፤ ከዚያ ጭጭ አለ።

«በርዶት ነው» አለ ካጋያ ከሰው ሁሉ ቀድሞ። ካጋያ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የማይለው ነገር የለም። የዛሬ አርባ አራት ዓመት በኩሮሳዋ መንደር መካከለኛ ትምህርት ቤት የክፍል አለቃ ነበር፤ ከዚያ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ሆነ። ጡረታ ከወጣም በኋላ፣ የክፍል ጓደኞቹ ስድሳኛ ዓመታቸውን አብረው እንዲያከብሩ ይህን የፍል ውሃ ማረፊያ ቤት የያዘው፣ መኝታ የደለደለው፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው እሱ ነው።

ካሜራውን ሁሉም እግሩን በከተተበት ከሥሩ ማሞቂያ ባለው ጠረጴዛ ብርድ ልብስ ሥር ከተተና በጉልበቶቹ መሃል አቀፈው።

«ትንሽ ይሙቀው። ትናንትም ሲለግምብኝ እዚሁ አሳድሬው ነው ጠዋት የነቃው።»

ከጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠው ቶጋሺ አፉ ጋ ያደረሰውን የፍጅል ቁራጭ ወደ ሳህኑ መለሰ።

«የት ነው ያሳደርከው?»

«እዚህ ነዋ፣ ማሞቂያው ሥር። ባትሪ ብርድ አይወድም። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ለሚችል።»

«ከዚያ በፊትስ? ትናንት በረዶው ላይ ከተነሳን በኋላ ወዴት ወሰድከው?»

«መታጠቢያው ቤት ነዋ! እናንተን ራቁታችሁን ላነሳ።» ካጋያ ሳቀ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም አብረውት ሳቁ። «ሃጹኤማ በግድግዳው ማዶ ሆና ‹ወደ ሴቶቹ በኩል ብትመጣ ባልዲ ነው የማለብስህ› ስትል አልነበር?»

«አሁንም ባልዲው ቅርብ ነው» አለች ሃጹኤ። ሃጹኤ እዚያው መንደር ቀርታ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ስትሸጥ የኖረች፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት።

ቶጋሺ አልሳቀም። ከበረዶ ወደ እንፋሎት፣ ከእንፋሎት ወደ ማሞቂያ። የፊልም ፊቱ ከከብት አጥንት በተሠራ ሙጫ የተቀባ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ እንደረጠበ ተጠምጥሞ ሲሞቅ ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል። እንዲህ ያለ ጥፋት ለማጥፋት በረዶ፣ ፍል ውሃና የጠረጴዛ ማሞቂያ በአንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት ያስፈልጋል። ሌላ አገር ያለ ሰው ሊያጠፋው ቢፈልግ እንኳ ዕቃው አይሟላለትም።

የተቀመጠበት ሰሌን ቀዝቃዛ ሆነበት። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ምን እንዳለ ያውቃልና።

ትናንት ቶጋሺ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ከቶኪዮ ሲነሳ ባቡሩ ደህና ነበር፤ ከጣቢያው ወዲህ ግን አውቶቡሱ በረዶ ውስጥ ቆመ። መንገድ ላይ ሆኖ ሰዓቱን ባየ ቁጥር የድሮው ቂም እየተነሳ አስቸገረው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የምረቃ ፎቶ የሚነሳበት ዕለት ከአባቱ ጋር ከሰል ተሸክሞ ከተራራ ሲወርድ ረፈደበት። ፎቶ አንሺው «ሙሉ ናችሁ?» ሲል፣ አለቃው ካጋያ «ሁሉም አለ» አለ። ቶጋሺ ከሰሉን ጥሎ እየሮጠ ሲደርስ ፎቶ አንሺው እግሮቹን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ እየከተተ ነበር፤ የካሜራውን እግሮች ማለት ነው። ከወር በኋላ ፎቶው ሲመጣ ሠላሳ ልጆች በሦስት ረድፍ ቆመዋል። የቶጋሺ ፊት ከላይ ጥግ ላይ፣ በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ ተለጥፏል፤ እንደ ሞተ ሰው። በዚያው ሰሞን የድሃ ልጆች በጅምላ ተጭነው ወደ ፋብሪካ በሚሄዱበት ባቡር ቶኪዮ ወረደ። ሚስቱ ያንን ፎቶ ባየች ቁጥር «እውነት ተምረሃል ወይስ በሰማይ ስታልፍ ነው ያነሱህ?» ትለዋለች።

ስለዚህ ትናንት፣ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ከአውቶቡሱ ሲወርድ፣ እንደገና ያለ እሱ እንደተነሱ እርግጠኛ ነበር። ሊሳደብ የፈለገውን ስድብ ሁሉ በልቡ አዘጋጅቷል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን አሥራ ስድስቱም በረዶው ላይ እንደ ዶሮ ተኮማትረው ቆመዋል። ከፊታቸው የሰማንያ ስድስት ዓመቱ መምህር ኦቦናይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ካጋያ «ይበርድዎታል መምህር፣ እንነሳ» ቢላቸው፣ ልጃቸው ቢለምናቸው፣ «አንድ ይቀራል፤ ቶጋሺ አልመጣም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም ነበር። ቶጋሺ ያዘጋጀው ስድብ የት እንደገባ አያውቅም።

ሁሉም ካሜራውን ሲያወጣ ካጋያ «አሥር ካሜራ እስኪዞር መምህር በረዶ ሆነው ይቀራሉ፤ በእኔ ብቻ ይሁን፣ ለሁሉም አሳትማለሁ» አለ። ለአንድ ጊዜም ቢሆን ልክ ነበር። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮዋ ሦስቴ አነሱ። መምህሩን ልጃቸው ወዲያው ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው፤ ዛሬ ጠዋት ሲደወል ትኩሳት ይዟቸው ተኝተዋል ተባለ። ከእንግዲህ በረዶ ላይ የሚያወጣቸው የለም።

እና ያ ፎቶ አሁን በካጋያ ጉልበቶች መሃል ነው።

«አምጣው» አለ ቶጋሺ።

«ቆይ፣ ልክፈትና ጫፉን ልየው። ትንሽ ብቻ፣ በጥላ በኩል...»

ቶጋሺ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ የካጋያን እጅ በመብያ እንጨቱ መታው። የመታበት ድምፅ ለሁሉም ተሰማ።

«ብትከፍተው ብርሃን ያቃጥለዋል! የኃላፊ እጅ ሁልጊዜ የሚከፈት ነገር ነው የሚፈልገው? አምጣው ብያለሁ!»

«ሥራው ነውኮ፣ ስጠው» አለች ሃጹኤ። «ቶኪዮ ውስጥ ካሜራ የሚጠግንበት ሱቅ አለው፤ ትናንት ሲነግረን አንተ ማይክ ይዘህ ስለነበር አልሰማህም።»

ካጋያ እጁን እያሻሸ ካሜራውን ሰጠው።

ቶጋሺ ጆሮው ላይ አስጠጋው። የካሜራ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየው ፊልም መመለሻውን ሲገጥም ነው። አንዲት ቀጭን ቀለበት ቢጨመርባት ጥርሱ እንደማይንሸራተት ለአለቃው የነገረው እሱ ነበር፤ ቀለበቷ ስትጨመር የተመሰገነው ግን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው። ይህንንም አልረሳም። ቶጋሺ የረሳው ነገር ቢፈለግ እምብዛም አይገኝም።

«ተጠባባቂ ባትሪ ይዘሃል?»

«ሁለት ይዣለሁ» አለ ካጋያ ኮራ ብሎ።

«አንዱን። ዝም በሉ አሁን፤ አታኝኩ!»

ያልተመለሰ ፊልም ሦስት ዓይነት ድምፅ አለው። ባትሪ ሲደክም ሞተሩ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ እያዘገመ ይሄድና ይተነፍሳል። ፊልሙ ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የሚጎትተው ስለሌለ በደስታ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ አይቆምም። ቶጋሺ አዲሱን ባትሪ ከተተና መመለሻዋን ቁልፍ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ጫን አደረጋት። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እህ ብሎ ተነሳና አንድ ነገር እንደያዘው ቀጥ አለ። ሦስተኛው ድምፅ ይህ ነው። ቶጋሺ ባትሪውን ወዲያው ነቀለ።

«ምነው ነቀልከው? ጀምሮ ነበርኮ!» አለ ካጋያ።

«ሞተር እንዳንተ ነው፤ ማቆሚያውን አያውቅም። ሌላ ሁለት ጊዜ ብናስነሳው ፊልሙን ይሰነጥቀዋል።» ትንሿን የቁጥር መስኮት አሳያቸው። «አሥራ አራት ይላል። ሲመለስ መጨረሻ የተነሳው ነው ቀድሞ የሚገባው። ሃያ ሁለቱ ገብተዋል፤ አሥራ አራቱ ውጭ ተጣብቀው ቀርተዋል።»

«የትኞቹ ናቸው የገቡት?»

«የቁርሱ፣ የራቱ፣ አንተ ስትዘፍን የተነሳኸው።»

«እኔ ስዘፍን ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ» አለች ሃጹኤ። «ቆጥሬያለሁ። አንዱም እንዳይነካ እግዜር ጠብቆልሃል።»

«የመምህርስ?»

ቶጋሺ አውራ ጣቱን የቁጥሩ መስኮት ላይ አሳረፈ። የመምህሩ መጀመሪያ የተነሱት ሦስቱ ናቸው፤ የተነሳው ፊልም ከሚጠመጠምበት ማጠንጠኛ ላይ ከሁሉም በታች፣ ከሁሉም ጥግ። አንዷ ሴት የያዘችውን የሻይ ኩባያ በቀስታ አስቀመጠች።

«ጨለማ እፈልጋለሁ» አለ ቶጋሺ። «ፍጹም ጨለማ። ከዚያም እነዚያን ጥጥ የተሞሉ የማረፊያ ቤቱን ካፖርቶች ሁለቱን።»

አሥራ ሰባት ሰው ከፍል ውሃው ቤት እስከ ጫማ ማኖሪያው ድረስ ጨለማ ሲፈልግ ማየት የሚያስቅ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ መስኮት አለው። የምድር ቤቱ አምፖል አይጠፋም፤ ማቀዝቀዣ አለበት። በመጨረሻ ሃጹኤ ፍራሽ የሚከተትበትን ቁምሳጥን ተንሸራታች በር ስባ «ግባ» አለችው። የታችኛው መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነበር።

የስድሳ ዓመት ሰው ቁምሳጥን ውስጥ ሲገባ ቶሎ አይገባም። መጀመሪያ ጭንቅላቱ ገባ፣ ከዚያ ጉልበቱ እንቢ አለ፣ ከዚያ ካጋያ ከኋላ ገፋው።

«እጅህን ከቂጤ ላይ አንሳ!»

«ልርዳህ ብዬ ነው!»

«ዕድሜ ልክህን እንዲህ ነው የምትረዳው!»

በሩ ተዘጋ። ቶጋሺ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ካሜራውን ሳይነካ ቆየ። ከእግሩ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ታየው። «ታች በኩል!» ብሎ ጮኸ፤ ሃጹኤ የመቀመጫ ትራሶች ጎሰጎሰችበት። ክሩ ጠፋ። አንዱን ካፖርት በሌላው ውስጥ ከተተ፣ ካሜራውን መሃል አደረገ፣ የካፖርቱን አንገት በሦስት አጠፈውና እጆቹን በእጅጌዎቹ በኩል አስገባ። አሁን ቁምሳጥኑ ቢከዳው እንኳ ካፖርቱ አለ።

የካሜራውን ጀርባ ከፈተ።

በጣቶቹ ጫፍ፣ የፊልሙን ዳርና ዳር ብቻ እየያዘ፣ ዳሰሰ። አልተቀደደም። የቀፎውን ዘንግ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ አሽከረከረ፤ ፊልሙ ገባ። ቀዳዳዎቹን በጥፍሩ ቆጠረ፤ ለአንድ ፎቶ ስምንት ቀዳዳ ነው። ስምንት። አሥራ ስድስት። ሃያ አራት። ሲፈጥን ፊልም ብልጭ ይላል፤ እንዲህ ባለ ብርድ ከጣት ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ወጥቶ ፎቶው ላይ እንደ ዛፍ ሥር ተስሎ ይቀራል። ስለዚህ አይፈጥንም።

«እንዴት ነው?» አለ ካጋያ ከውጭ።

«ዝም በል።»

ሃምሳ ስድስት። ስልሳ አራት። ሰባ ሁለት ላይ ያዘው። ቶጋሺ አልጎተተም። የካፖርቱን አንገት ትንሽ ገልጦ ፊቱን አስጠጋና ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተነፈሰበት፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ተነፈሰ። ያስያያዘው እርጥበት ነው፤ የሚያላቅቀውም እርጥበት ነው፤ ግን በመጠኑ። ጭር የሚል ድምፅ ሰማ፤ አንድ ዙር ተላቀቀ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ፤ ፊልሙ ላይ እንዳይወድቅ ፊቱን ዞር አደረገ።

«ቶጋሺ» አለ ካጋያ። ድምፁ ከታች መጣ፤ ሰሌኑ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። «የእኔ ጥፋት ነው፣ አይደል?»

«የማሞቂያው ጠረጴዛ ነው ልበልህ?»

«እሱን አይደለም። ያኔውን።»

ሰማንያ። ሰማንያ ስምንት።

«ቆጥሬ ነበርኮ» አለ ካጋያ። «ሠላሳ ነበርን። አንድ እንደቀረ አውቄያለሁ።»

ቶጋሺ ጣቱን አቆመ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ካጋያ ቆጠራ የማይችል ደደብ ነው ብሎ ራሱን ሲያጽናና ኖሯል።

«ታዲያ ለምን ‹ሁሉም አለ› አልክ?»

«ፎቶ አንሺው ከከተማ የመጣ ነው፤ ባርኔጣ አድርጓል። ‹አለቃ፣ ሙሉ ናችሁ?› አለኝ። አለቃ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው ነው። ‹አይ፣ አንድ ይቀራል› ብለው የማልረባ አለቃ የምባል መሰለኝ።» ሰሌኑን በጥፍሩ ሲቧጥጥ ተሰማ። «ከዚያ መምህር ኦቦናይ በጥፊ አጮሉኝ። ያንን አታውቅም። አንተ ስትደርስ ጆሮዬ ቀልቶ ነበር፤ ከብርድ የመጣ መስሎህ ይሆናል። ክቡ ውስጥ የተለጠፈው ያንተ ፊትም ከእኔ ፎቶ የተቆረጠ ነው። በዱላ ቅብብል አንደኛ የወጣን ጊዜ፣ አንተና እኔ ተቃቅፈን የተነሳነው። ሌላ ያንተ ፎቶ በመንደሩ አልተገኘም። በእናቴ መቀስ ነው የቆረጥኩት። አባቴም ለዚያ ለብቻው ገረፈኝ።»

«እኔ የሰማሁት አሁን ነው» አለች ሃጹኤ።

«ማንም አልሰማም። ... ዛሬ የእኔ ፊት ተበላሽቶ ከወጣ፣ ጥግ ላይ ለጥፈኝ። እንካካሳለን።»

ቶጋሺ ጨለማው ውስጥ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየ ማንም አላየም። የተናገረው ግን ይህ ነው፦ «ያንተን ራስ የሚችል ክብ ከየት ይመጣል?»

የሃጹኤ ሳቅ ቁምሳጥኑን አነቃነቀው። ካጋያም ሳቀ፤ ሲስቅ አፍንጫውን ሳበ።

ሰማንያ ዘጠነኛውን ቀዳዳ ሲቆጥር የመምህሩን ሦስተኛ ፎቶ ጀመረ ማለት ነው። እዚህ ጋ ነው ዋናው መጣበቅ። ትንፋሽ፣ ጥበቃ፣ ጭር። ትንፋሽ፣ ጥበቃ። ዘጠና ስድስት። ሦስተኛው ፎቶ ወደ ቀፎው አፍ ሲገባ፣ ከውጭ የመተላለፊያው በር ተከፈተ፤ የወይዘሮዋ የማለዳ ድምፅም ተሰማ።

«ደህና አደራችሁ! ፍራሾቹን ልከትት ነው፤ አራት ሰዓት ሆነ።»

በሁሉም ማረፊያ ቤት በዚያ ሰዓት ፍራሽ ይከተታል። ይህን የማያስታውስ የለም፤ ከእነሱ በቀር። ሃጹኤ በዚህኛው በር ላይ ተደግፋለች፤ ቁምሳጥኑ ግን ሁለት በር አለው።

«ተዉት!» ብሎ ካጋያ ሲጮህና ሁለተኛው በር ሲንሸራተት እኩል ነበር። ቶጋሺ በካፖርቱ ላይ ተደፋበት፤ ሆዱን፣ ደረቱን፣ ያለውን ሥጋ ሁሉ አለበሰው። በተጨፈነ ዓይኑ ውስጥ እንኳ ብርሃኑ ቀይ ሆኖ ታየው። ከዚያ ድብ የሚል ድምፅ መጣ፤ በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

«አቶ ካጋያ! ምን ሆነዋል?»

«አይክፈቱ! ከፈለጉ እኔን ረግጠው ይለፉ! ሰው አለበት!»

«ቁምሳጥኑ ውስጥ?»

«ሰው ነው፣ ፊልም ነው፣ መምህራችን ናቸው... ሃጹኤ፣ አንቺ አስረጂያቸው!»

ቶጋሺ እንደተደፋ ቆየ። ብርሃን ይግባ አይግባ ጣት አይነግረውም። ቀና ብሎ የቀረውን ጀመረ። ሁለተኛው ፎቶ በትንፋሽ ተላቀቀ። የመጨረሻው፣ ማጠንጠኛውን የነካው፣ አልላቀቅ አለ፤ ስድስት ጊዜ ተነፈሰበት። ሲላቀቅ ድምፁ ጭር አልነበረም፤ ቅርፊት እንደሚነሳ ነበር። ቶጋሺ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። የሆነ ቦታ ላይ ቅቡ ተገሽልጦ ቀርቷል። ቀሪውን ጠቀለለና ቀፎውን በመዳፉ ጨብጦ «ክፈቱ» አለ።

ሲወጣ እግሩ ደንዝዞ ነበር። ካጋያ አሁንም ሁለተኛው በር ሥር፣ ሰሌኑ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተኝቷል። ምክትል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው እንዲህ የሆነው።

«ወጣ?» አለ ካጋያ ከመሬት።

«ወጣ። ምን እንደወጣ ግን ፎቶ ቤት ነው የሚታወቀው።»

ሌሎቹ በአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ደውሉልን! ወዲያው ደውሉ!» እያለ ሄደ። ቶጋሺ፣ ካጋያና ሃጹኤ በረዶውን እየረገጡ ከታች መንደሩ ውስጥ ወዳለው ፎቶ ቤት ወረዱ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሞንማ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ቀፎውን ተቀብለው ወደ ማሽኑ ሲሄዱ ቶጋሺ መንገድ ዘጋባቸው።

«ማሽን አይሆንም። ዳሩ ተጎድቷል፤ ሲስበው ይቀደዳል። በእጅ ነው የሚታጠበው።»

«በእጅ ካጠብኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎ ማነዎት? ጨለማ ክፍሌ ውስጥ የማላውቀው ወንድ አላስገባም።»

«እሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ምንም አያደርግም፤ ከጠዋት ጀምሮ አይተነዋል» አለች ሃጹኤ። «መሳደብ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ሞንማ ሃጹኤን አዩ፣ ቶጋሺን አዩ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። «እጅዎን ይታጠቡ» አሉ።

ካጋያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀ። በሕይወቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ያለው ያኔ ብቻ መሆን አለበት።

ፊልሙ ረጥቦ ሲወጣ ቶጋሺ በመቆንጠጫ ሰቀለውና በመብራቱ ፊት ለፊት ቆመ። በኔጋቲቭ፣ ገና ባልታተመው ፊልም ላይ፣ በረዶ ጥቁር ነው፤ ሰውም የሌላ አገር ፍጡር ይመስላል። የመጀመሪያውን ፎቶ አየ፤ ግራው ተገሽልጧል፣ አራት ሰዎች ከወገባቸው በላይ የሉም። ሁለተኛውን አየ፤ እዚያ ላይ ብርሃን ገብቷል። የማረፊያ ቤቱ ወይዘሮ የከፈቱት በር። መሃሉ፣ መምህሩ ባሉበት፣ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ቶጋሺ ሦስተኛውን ወዲያው ማየት አልቻለም፤ አጉሊ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ንጹህ የነበረውን።

«ንገረን እንጂ!» አለ ካጋያ፣ ከኋላው ቆሞ።

ቶጋሺ በአጉሊ መነጽሩ አንድ ሁለት እያለ ቆጠረ። ከግራ ጀመረና ሲጨርስ እንደገና ከቀኝ ጀመረ።

«አሥራ ስምንት» አለ። «መምህር ጭምር አሥራ ስምንት። ሙሉ ነን።»

ሃጹኤ ካጋያን ጀርባውን በጡጫ መታችው፤ ለምን እንደመታችው እሷም አታውቅም።

ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ሦስቱም አንገታቸውን አስገቡበት። ከዚህ የከፋ የቡድን ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ሦስተኛው ላይ ሁሉም አለቀ ብሎ ዘና ብሏል። መምህር ኦቦናይ አፍንጫቸውን በፎጣ እየጠረጉ ነው። ካጋያ ዓይኑን ጨፍኗል። ሃጹኤ የጎረቤቷን ሻርፕ እያስተካከለች ጀርባዋን ሰጥታለች። ጥጉ ላይ የማረፊያ ቤቱ ወይዘሮ ጣት እንደ ድንች ተደቅኗል። ቶጋሺ ከመምህሩ ወንበር አጠገብ፣ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ አፉን ከፍቶ ይጮሃል፤ «ጣትዎን ከሌንሱ ያንሱ!» እያለ እንደነበር ያስታውሳል። አንድ እጁን መምህሩ ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን አውጥተው ይዘውታል። ይህን አያስታውስም ነበር።

«ሁለተኛው አቋማችን ይሻል ነበር» አለ ካጋያ፤ ከልማድ ነው።

«ሁለተኛው ላይ መምህር የሉም።»

«አዎ። ይኼ ነው። ይኼው ነው።» ካጋያ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «አሥራ ስምንት ቅጂ፣ ወይዘሮ ሞንማ። የመምህርን ዛሬውኑ ይዘን እንሄዳለን፤ እስከ አሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ጊዜ አለን።»

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ቶጋሺ። «እኔ ሁለት እፈልጋለሁ። አንዱ ለሚስቴ ነው።»

ወይዘሮ ሞንማ ወረቀት ላይ እየጻፉ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ዞር አድርገው አዩት።

«እኚህ አፋቸውን የከፈቱት፣ መምህሩ እጃቸውን የያዟቸው፣ ማናቸው? ልጃቸው ናቸው?»

ካጋያ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሃጹኤ እግሩን ረገጠችው።

«እኔ ነኝ» አለ ቶጋሺ። «ተማሪያቸው ነኝ።»